ከአምስቱ አራቱ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አውራ ጣት ላወራችሁ ነው። አትሳቁ!

እስኪ ሻይ ይዛችሁ ከሆነ፣ አውራ ጣታችሁን መዳፋችሁ ላይ አጥፉና ብርጭቆውን አንሱ። አስቸገረ አይደል? ሐኪሞች ከእጃችን አገልግሎት 40 በመቶ ያህሉን ለእሱ ይሰጡታል። እንጀራ መቁረስ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ሂሳብ ማቀበል፣ ሁሉም እሱን ይፈልጋል።

ነገሩን ያነሳሁት እዚሁ ፒያሳ የጎረቤቴ ልጅ አንድ እጇ ላይ አውራ ጣት ሳይኖራት ስለተወለደች ነው። በዚያ እጇ ቆሎ ስታነሳ አይቻታለሁ። ፍሬዋን በሌባ ጣቷና በመሀል ጣቷ መካከል፣ እንደ መቀስ ገጥማ ትይዛታለች። ማንም አላስተማራትም።

ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ሌባ ጣቱን ወደ አውራ ጣት የሚቀይር ቀዶ ሕክምና አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ቡክ-ግራምኮ በፈረንጆቹ 1971 አሠራሩን በዝርዝር ጽፎታል። ቆርጦ መቀጠል እንዳይመስላችሁ፤ ጣቱ ከደም ሥሩና ከነርቩ አይለይም። መዳፍ ውስጥ ያለው አጥንቱ ያጥራል። ከዚያ ጣቱ ዝቅ ብሎ፣ ከሩብ ዙር በላይ ዞሮ፣ ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ግን ሌባ ጣት ሦስት አንጓ አለው፣ አውራ ጣት ደግሞ ሁለት። ታዲያ ትርፉ የት ይሄዳል? የታችኛው አንጓ የአውራ ጣቱ ሥር ሆኖ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ከላይ ይቀራሉ። እኔ ይሄን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አያትየዋ ግን በጄ አላሉም። «ካላት ላይ ደግሞ ልትቀንሱባት ነው?» አሉ። ሒሳባቸው ልክ ነው። አምስት አይሞላም፣ አራት እንደሆነ ይቀራል። ይሉኝታውም አለ፤ ሰው እጅ ሲጨብጥ ጣት ይቆጥራል። ለእኔ ግን ከጎን ለጎን አራት፣ ሦስትና ፊት ለፊቱ አንድ ይሻላል። ብርጭቆ የሚይዘው ይሄኛው ነው። በርግጥ ሌባ ጣቱ ራሱ ግትር ከሆነ ውጤቱ ያን ያህል አያምርም። ጎልማሳ ሰው በማሽን አውራ ጣቱን ቢያጣ ደግሞ ከእግር ጣት ወስዶ መተካትም አለ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ከአውራ ጣት ጋር አንዳንዴ ልብና ኩላሊትም እክል ስለሚኖራቸው፣ መጀመሪያ የሚታዩት እነሱ ናቸው። የልጅቷ ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። አሁን ቀጠሮ እየጠበቁ ነው።

ባለፈው ቡና ላይ አያትየዋ ጠጋ ብለው «ስታገባ ቀለበቱን የት ልታደርገው ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ የቀለበት ጣቷን የሚነካው የለም» አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «እሱስ ደህና» ብለው ስኒያቸውን ለሁለተኛው አቀበሉ።