ጋቢ ለብሶ ሞተር መንዳት ይቻላል ወይ?

መልካሙ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! የዛሬው ርዕስ ለሞተር የሚሆን የብርድ ጃኬት አመራረጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ጎንደር ከማራኪ ወደ አዘዞ የሚወርድ ሰው...

ሰናይት፦ ጋቢ ይልበሳ!

መልካሙ፦ ጀመረሽ ደግሞ።

ሰናይት፦ የምሬን ነው። አራት እጥፍ ጥጥ! ከሱ በላይ ምን ይሞቃል?

መልካሙ፦ ቤት ቁጭ ላለ ሰው ማን ይወዳደረዋል? ጋቢ የሚያሞቀው እጥፎቹ መሀል ባለው አየር ነው። ሞተር ላይ ነፋሱ ያንን አየር ጠርጎት ይሄዳል። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትነጂ፣ ያልተሸፈነ ቆዳሽ ላይ 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማሽ። ብርዱን ከወፍራም ልብስ ይልቅ ነፋስ የማያስገባ ልብስ ነው የሚያስቆመው።

ሰናይት፦ ወገብ ላይ ጠበቅ አርጎ ቢያስረውስ?

መልካሙ፦ በንዝረቱ ይላላል። ከዚያ ጥለቱ ካቴናው ውስጥ ይገባል፤ ሰውየውን ከነጋቢው ወደ ኋላ ጎትቶ ነው የሚጥለው። በቃ፣ ጋቢ አይሆንም!

ሰናይት፦ በርኖስስ? እሱ እንኳ ሱፍ ነው።

መልካሙ፦ ሱፍ ሲረጥብም ከጥጥ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን በርኖስ ሰፊ ነው፤ ነፋስ ሲሞላው ድንኳን ይሆንና መሪውን ያወዛውዝብሻል።

ሰናይት፦ እንግዲህ ያገር ልብስ ሁሉ ወደቀ። ያንተን ጃኬት እንስማ።

መልካሙ፦ ልባሽ ተራ ስትሄጂ ሻጩ «ንኪው፣ ውፍረቱን እይው» ይልሻል። እጅሽን ተዪው፣ በአፍሽ ሞክሪ። ጨርቁን አፍሽ ላይ ገጥመሽ በኃይል እፍ በይ፣ መዳፍሽን ከወዲያ በኩል አድርጊ። ትንፋሽሽ መዳፍሽ ላይ ከተሰማሽ ነፋሱም ያልፋል።

ሰናይት፦ ገበያ መሀል ጃኬት ስትነፋ ሰው ምን ይላል?

መልካሙ፦ ይበል! ቀጥሎ ዚፑ። ነፋስ በዚፕ ጥርስ መሀል ይገባል። ከዚፑ ጀርባ ከታች እስከ ኮሌታ የሚደርስ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጨርቅ መኖር አለበት። ከሌለው ልብስ ሰፊ ይጨምርልሻል። ከዚያ ለብሰሽ በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ መሪ እንደያዘ ሰው እጅሽን ዘርጊ። ቆመሽ የሚበቃሽ እጅጌ ያኔ ወደ ክንድሽ ይሸሻል፤ ጀርባውም ይነሳና ወገብሽ ይጋለጣል።

ሰናይት፦ ታዲያ ለምን ጣት ነው ቀድሞ የሚደነዝዘው?

መልካሙ፦ ደረት ሲበርደው ሰውነት ደሙን ወደ መሀል ይሰበስባል፣ ጣት ይቀርበታል። ጓንት ብቻ ቢደራርቡ ምን ዋጋ አለው? ጣት ከደነዘዘ ደግሞ ፍሬን መያዝ ይዘገያል።

ሰናይት፦ ሌዘርስ? ሌዘር ነው ጃኬት!

መልካሙ፦ እውነተኛው ቆዳ ነፋስ አያሳልፍም፣ ስትወድቂም ቆዳሽን ያድናል። ዝናብ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስካዩ፣ ቆዳ መሳዩ ማለት ነው፣ ደግሞ ክርኑ ላይ ይላላጣል። እኔ ጥብቅ ሽመና ያለው ፖሊስተር እመርጣለሁ፣ ከውስጥ ሹራብ የሚያስገባ ስፋት ኖሮት።

ሰናይት፦ እኔ አሁንም ሌዘር ነው የምለው።

መልካሙ፦ ለበጋ እሺ። ለክረምት አልቀበልም። ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ደግሞ አስቢው፤ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ያ ብቻ 4 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ሰናይት፦ ቆይ፣ ቆይ! ያረጀ ጋቢ ቆርጦ ከጃኬቱ ሥር እንደ ሰደርያ ቢሰፋስ? ነፋሱን ጃኬቱ ያስቆማል፣ አየሩን ጋቢው ይይዛል። ራስህ ነህ ያልከው!

መልካሙ፦ ...ይሠራል። ላብ ከጠጣ ግን ጥጥ ቶሎ አይደርቅም፤ ዳገት ላይ ሞተር የምትገፊ ከሆነ ይቀዘቅዝብሻል።

ሰናይት፦ ይሠራል አለ! ሰምታችኋል! ጥለቱን ደረቴ ላይ ነው የማደርገው።

መልካሙ፦ ከዚፑ አርቂው፣ ክሩን ይነክሰዋል።