ስልኩን ልፈትሽ ወይስ ልተወው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ልጆችና ሱስ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደወላችሁልን አድማጮች የሥነ ልቦና ባለሙያው እንግዳችን የሰጡት መልስ እነሆ።

እናት፣ ከደሴ ሸዋ በር፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ማምሸት ጀምሯል። ጓደኞቹ ይቅማሉ አሉ። ሲተኛ ስልኩን እፈትሻለሁ፤ ታናሹንም ከኋላው እልካለሁ። ደግ አደረግሁ?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል እናቴ። ታናሽየውን ግን ከስለላ ሥራው ያሰናብቱት። ስታቲንና ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች የ14 ዓመት የስዊድን ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ጥናት አውጥተው ነበር። ወላጅ የልጁን ውሎ የሚያውቀው በአብዛኛው ስለተቆጣጠረ ሳይሆን ልጁ ራሱ ስለሚነግረው ሆኖ ተገኘ። ስዊድን ሩቅ ናት፤ ሸዋ በርም ላይ ግን ነገሩ ያው ነው።

ልጅ የሚናገረው፣ በመናገሩ ካልተቀጣ ነው። «እገሌ ሲጋራ ጀመረ» ሲልዎት «ሁለተኛ ከሱ ጋር እንዳላይህ!» ካሉት፣ ቀጣዩን ወሬ አይሰሙም። «አንተስ ምን አልከው?» ይበሉትና ዝም ብለው ያዳምጡ። ቡና ሲፈላ ስልኩ ይቀመጥ፤ የእርስዎም ጭምር። እንደኔ ልጅ አፉን የሚፈታው አቦሉ ላይ ሳይሆን በረካው ላይ ነው፤ አይቸኩሉ።

እንዲህ ስል ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። የመግቢያ ሰዓት ይኑረው፤ ቢያመሽ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ይወቅ።

አባት፣ ከኮምቦልቻ፦ እኔ ራሴ እቅማለሁ። እሁድ ከሰዓት ጓደኞቼ ቤት ይመጣሉ። አትቃም ብለው አይስቅብኝም?

መልስ፦ ይስቅ ይሆናል። ቢሆንም ይንገሩት። እኛ ወሎዎች ዘንድ ጫት ከዱዓውና ከወዳጃው (ተሰብስቦ ከሚደረገው ጸሎት) ጋር አብሮ ኖሯል፤ ልጁ እንደ ነውር አያየውም። መሸፋፈን አያዋጣም። ጫቱ ምን እንደወሰደብዎ በግልጽ ይንገሩት፦ እንቅልፉን፣ ገንዘቡን፣ ምርቃናው ሲወርድ ቤተሰብ ላይ የሚወጣውን ንጭንጭ። ደግሞም ጫት ግዛ ብለው አይላኩት፤ በርጫው ላይ ውሃ አቀባይ አያድርጉት። የመጀመሪያዋን ቀንበጥ ከአባቱ ጓደኛ እጅ የተቀበለ ልጅ በሥራዬ አጋጥሞኛል። ከዚያ ጫቱ እንቅልፍ ይነሳል፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይከተላል።

እህት፣ ከኮምቦልቻ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ እሠራለሁ። እናት አባታችን ገጠር ናቸው። የ16 ዓመት ወንድሜ ከኔ ጋር ሆኖ ይማራል። የማታ ፈረቃ ስገባ ብቻውን ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ለእሱ ቤተሰቡ አንቺ ነሽ። ከመውጣትሽ በፊት አብራችሁ ብሉ፤ ያችን ሰዓት ለወቀሳ አታውያት። አከራያችሁን አደራ በያቸው፤ ከጀርባው ሳይሆን እሱ እየሰማ። ሰፈር ውስጥ የሚሸጥለት ካለ ደግሞ ሄደሽ ተናገሪ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥም ሲጋራም መሸጥ ይከለክላል። ሺሻ ለማንም መሸጥ አይፈቀድም።

አባት፣ ከደሴ ሆጤ፦ የ22 ዓመት ልጄ በየቀኑ ይጠጣል። መሮኛል፤ ከቤት ላስወጣው ነው።

መልስ፦ አያስወጡት። ቢወጣ የሚቀበሉት የሚጠጡት ናቸው። ቆልፈውም በግድ አያስተዉት። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የቆየ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊጥለው ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር ይሄዳል። ሆስፒታል ይውሰዱት፤ እርስዎም አብረውት ይግቡ። መንቀጥቀጥ ከጀመረው ግን ነገን አይጠብቁ።