አምፖሉን ተዉት፣ ድስቱን ክደኑት
(በነዋሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡር ሰብሳቢ፣ ውድ ጎረቤቶቼ፤

ከመካከላችሁ ጥቂት የማይባሉትን ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ ከቀራችሁት ጋር ደግሞ በየዕለቱ በደረጃው ላይ ሰላም እንባባላለን። ስለዚህ የተጋበዝኩበትን ርእስ፣ በየቤታችን የካርቦን አሻራን (በአኗኗራችን ሰበብ ወደ አየር የሚለቀቀውን፣ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰል ጋዝ) ስለ መቀነስ፣ አለባብሼ አላቀርብላችሁም።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ስብሰባ ማግሥት በየበራችን የተበተነውን ወረቀት ታስታውሳላችሁ። አሥር ምክሮች ነበሩበት። አንደኛው «ከክፍል ስትወጡ መብራት አጥፉ» ይላል፤ ሁለተኛው «ቻርጀር ከሶኬት ንቀሉ»። ስለ ማብሰያ፣ ስለ ሙቅ ውሃ፣ ስለ መኪና አንድም ቃል አልነበረበትም። ያን ወረቀት ካነበብኩ ጀምሮ ውስጤን ሲያብሰለስለኝ የቆየ ነገር አለ፤ ዛሬ የቆምኩትም እሱን ለመናገር ነው።

ወረቀቱ ቤቴ በገባ ሰሞን ታናሿ ልጄ የጥናት መብራቷን ሳታጠፋ እንቅልፍ ይዟት አደረ። ጠዋት ተቆጣኋት። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አንሥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። በጊዜው ምንም አልመለሰችልኝም። ማታ ግን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «አባዬ፣ መብራቱ ስንት በላ?» አለችኝ። ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ በሶኬትና በዕቃው መካከል የሚሰካ የፍጆታ መለኪያ ገዝቼ መጣሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷና እኔ ቤታችንን ስንለካ ሰነበትን።

መብራቷ ባለ 10 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ናት። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ስትበራ ብታድር 90 ዋት ሰዓት ትፈጃለች፤ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቀጥለን የውሃ ማፍያውን ሰካን። እኔ በየማለዳው ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ማፍያውን እስከ አፉ እሞላለሁ፤ ከአንድ ሊትር በላይ የፈላ ውሃ ተርፎ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም ይደፋል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንሥቶ ለማፍላት፣ ምንም ሳይባክን ቢደርሰው እንኳ፣ 93 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ያባከነችውን እኔ ዘወትር ጠዋት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስደፋው ኖሬአለሁ። ቁጥሩን አብረን አነበብነው። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱ ያናደደኝ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይህን አትረሱትም፤ ውሃ በቀላሉ አይሞቅም። ብዙ ጉልበት ካልጠጣ ከቦታው አይነቃነቅም። አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን የቱንም ያህል ብታፋፍሙት ከዚያ በላይ አይግልም፤ የጨመራችሁት ጉልበት ሁሉ እንፋሎት ሆኖ በመስኮት ይወጣል። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ኃይል መጀመሪያ ለማፍላት ከወሰደው ሰባት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ክዳኑ ተከፍቶ የሚንተከተክ ድስት ስታዩ ያ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት የገዛችሁት ነዳጅ ነው። በእንጨት አብስሉ፣ በከሰል፣ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ፣ ሕጉ አይለወጥም። ስለዚህ ድስቱን ክደኑ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፤ በዝግታ የሚፈላው በኃይል ከሚፍለቀለቀው ዘግይቶ አይበስልም። ጥራጥሬውን ከዋዜማው ዘፍዝፉ። እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስል ድስት ያላችሁ ከመደርደሪያው አውርዱት፤ የታፈነው እንፋሎት ግፊት ስለሚፈጥር ውስጡ ክፍት ድስት ከሚፈላበት አልፎ እስከ 120 ዲግሪ ይደርሳልና የማብሰያውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ገላ መታጠቢያውም እንዲሁ ነው። የ60 ሊትር ውሃን ሙቀት በ20 ዲግሪ ብቻ ከፍ ለማድረግ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ያቺን የጥናት መብራት 140 ሰዓት ያበራታል። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት ቦታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቅቃል።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ነዳጁ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው እያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን ከአየር 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ሆኖ ይወጣል። ታዲያ ልጁን ስለ አንድ አምፖል የሚገሥጽ፣ ባለቤቱን ስለ ማገዶ የሚቆጣጠር አባወራ በእግር አሥር ደቂቃ ለማይፈጅ መንገድ ሞተር ያስነሣል! በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን አባቶች ይህን እናውቃለን። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው አልጠይቅም፤ ለማን እንደተጻፈ ግን አውቃለሁ። የተጻፈው ለልጆችና ለእናቶች ነው። የመኪናው ቁልፍ በእጃችን ያለ እኛ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈችልንም!

«የካርቦን አሻራ» የሚለውን አነጋገር በሕዝብ ዘንድ ካስፋፉት ዘመቻዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ያካሄደው ማስታወቂያ እንደ ነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ነዳጅ ሻጩ ገዢውን «የአንተ አሻራ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው ከማን እንደመጣ ማወቅ ይገባናል። ይህን ስል ግን ድስቱ ክፍት ይቆይ ማለቴ አይደለም፤ ኩባንያው የሚጠየቅበት ነገር አለ፣ የኔ ማፍያም የኔ ነው።

ስለ ምግብ ባጭሩ ልናገር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤቶች ነው። የተጣለው ምግብ ተከምሮ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሜቴን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያፍናል። የምትበሉትን ያህል አብስሉ፤ የተረፈውን ፊት ለፊት በሚታይ ቦታ አስቀምጡት። ማቀዝቀዣውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉለት፣ የበሩን ጎማም ተመልከቱ። አሮጌው ማቀዝቀዣ ሲጣል በውስጡ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ወደ አየር እንዳይለቀቅ በባለሙያ እንዲቀዳ ጠይቁ።

መለኪያውን ይዤው መጥቻለሁ፤ ከመውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለአንድ አንድ ሳምንት ይውሰደው፤ ልጆቻችሁ ይለኩበት፣ እናንተ ጻፉ። የተራውን ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ልጄ ናት። በሚቀጥለው ዓመት በየበራችን የሚበተነውን ወረቀት ከዚያ ደብተር ላይ እንጽፈዋለን፤ የመኪና ጉዞ የሚመዘገብበትም ዓምድ አስገብታበታለች።

አመሰግናለሁ።