«አንድ እርምጃ ወደፊት»፦ ጨዋታው በወጣቶች ክበብ እንዴት ይመራል?

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ የትምህርት ቤት መረብ ኳስ ሜዳ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ሃያ ወጣቶች በአንድ መስመር ቆመዋል።)

ተራኪ፦ ስለ እኩልነት ንግግር ብታደርጉላቸው አጨብጭበው ይሄዳሉ። ይህ ጨዋታ ግን በእግር የሚሠራ ነው፦ ሃያ ልጆች፣ ሃያ ካርዶች፣ አሥራ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች። እያንዳንዱ ልጅ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሰው ይሆናል፤ የሚነበበው ዐረፍተ ነገር ለዚያ ሰው እውነት ከሆነ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ካልሆነ ባለበት ይቆማል። እርምጃው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ውይይቱ ግን አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ጊዜ ካጠራችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን ቀንሱ እንጂ ውይይቱን አትንኩ።

የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ስለሆነ ልክ ነው። ልጆቹን በረጅሙ መስመር ላይ አሰልፏቸው፤ የሚራመዱት ወደ ማዶው መስመር ነው። እርምጃው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን አሥራ ሁለቱንም የተራመደ ከ7 ሜትር ትንሽ አልፎ ይቆማል። መረቡን አውርዱት፣ እርስ በርስ መተያየት አለባቸው። ሜዳው ጭቃ ከሆነ ወይም መሬቱ ለዊልቸር ካስቸገረ ሁሉም ይቀመጡና ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ የበቆሎ ፍሬ ከፊታቸው ይደርድሩ።

(ምስል፦ ካርዶቹ በቅርበት።)

«19 ዓመቴ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እሰፋለሁ፤ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተናል»። «15 ዓመቴ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ እማራለሁ»። «17 ዓመቴ ነው፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ እበልታለሁ»። «16 ዓመቴ ነው፤ አባቴ ሆቴል አለው»። እንዲህ አሥር ሰው ፍጠሩና እያንዳንዱን ካርድ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። ለምን ሁለት እንደሆነ ወደ በኋላ ይታያል።

ማንም የራሱን ኑሮ አይጫወትም። ያለ ካርድ «ቤታችሁ ምግብ ይጎድላል?» እያሉ ማራመድ ድሃውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማጋለጥ ነው። ካርዱንም በዕጣ አታውጡ፤ ከልጁ ኑሮ ጋር እንዳይገጥም እያያችሁ ራሳችሁ አድሉ። የከበደው ካለ «ለምን?» ሳይባል ይቀየርለት።

ከዚያ ሦስት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ ማሰብ አለ። ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ትነሳለህ? ምሳህን ከማን ጋር ትበላለህ? ገንዘብ ቢቸግርህ ለማን ትናገራለህ? ይህ ከተዘለለ ልጆቹ ይሳሳቃሉ፣ ጨዋታውም ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ዐረፍተ ነገሮቹ፤ ለምሳሌ፦ «ማታ 2 ሰዓት ከፒያሳ ብቻዬን ወደ ቤት ስሄድ አልፈራም።» «ሲያመኝ ማንንም ሳላስፈቅድ እታከማለሁ።» «በዚህ ሳምንት ለማረፍ ጊዜ ነበረኝ።» «ሲከፋኝ የማዋየው ሰው አለኝ።» «እማራለሁ፣ መጽሐፍም አለኝ» የሚል ግን አይሆንም፤ አንዱ ኖሮት ሌላው የሌለው ይራመድ ወይስ ይቁም? ሁሉንም ስለ ንብረት ካደረጋችሁትም የሚለካው ሀብት ብቻ ይሆናል።

(ምስል፦ ልጆቹ ተበታትነው ቆመዋል።)

ካርድ ሳይገለጥ ከቆሙበት ጠይቁ። መጀመሪያ ከኋላ የቀሩትን፦ ሌላው ሲራመድ ቆሞ ማየት እንዴት ነበር? ቀጥሎ ከፊት ያሉትን፦ ዞራችሁ ያያችሁት መቼ ነው? ብዙዎቹ እስኪጠየቁ ድረስ ዞረው አያዩም።

ከዚያ ካርዱ ይነበብ። ሁለቱ ቅጂዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ሁለት «ልብስ ሰፊዎች» አራት እርምጃ ተራርቀው ከቆሙ፣ አንዱ «ደመወዝ አላት፣ ራሷን ችላለች» ሲል ሌላዋ «ከፈረቃ ማታ ስትወጣስ?» ትላለች። አወያዩ አይፍረድ፤ ክርክሩ ይቀጥል። «ምስኪን» ማለት ከጀመሩ ግን «ይህን መለወጥ የማን ኃላፊነት ነው?» ብሎ ይመልሳቸው።

ሕጉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ስለ እኩልነት፣ በ35 ስለ ሴቶች፣ በ36 ስለ ሕፃናት መብት ይደነግጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ዓሣ የሚበልተው ልጅ ተቀጥሮ ከሆነ ይመለከተዋል። የቤት ሠራተኛዋ ቅጥር ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን ልጅ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ እንዳይገደድ ስለሚል እሷንም ይጠብቃል። ይህን ልዩነት ሳታለሰልሱ ንገሯቸው፤ ጥሩ ጥያቄ ይወልዳል።

ሲያበቃ እያንዳንዱ ካርዱን ይመልስ፣ የራሱን ስም ጮክ ብሎ ይጥራ። አንዱ «ይሄ እኔ ቤት አለ» ብሎ ከጀመረ በጉባኤ ፊት አታስቀጥሉት፤ አመስግኑት፣ ወዲያው ለብቻ አነጋግሩት። ጥቃት ከሆነ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ አብራችሁት ሂዱ።

ተሰልፈው ሳሉ ፎቶ አይነሳ። ከኋላ የቀረችው ልጅ ምስል ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ካርዱ አብሯት አይወጣም።