ገጹ ሲቀላቀል
(በደብረ ማርቆስ ለተማሪዎች የክርክር ክበብ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ ልጆቼ። የተከበራችሁ እያልኩ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር በየማዕረጋችሁ አልጠራችሁም፤ እሱን ስጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ከተማ፣ ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ ባልደረባችንን ስንሸኝ ንግግር አድርግ ተባልኩ። አምስት ገጽ ጻፍኩ። ወደ መድረኩ ስወጣ ወረቀቱ ከእጄ አምልጦ ተበተነ። ለቃቀምኩት፤ የገጽ ቁጥር ግን አልጻፍኩበትም ነበር። ከአንደኛው ገጽ ወደ አራተኛው ዘለልኩ፤ ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ላብ አጠመቀኝ። ስጨርስ ሞቅ ያለ ጭብጨባ! ገጹ መቀላቀሉን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ጭብጨባው ደስ ያሰኘኝ ቤቴ እስክደርስ ብቻ ነው። ማታ ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው አፈርኩ። ደግ ነው፤ በተጨማሪም ታታሪ ነው፤ በተጨማሪም ሰው አክባሪ ነው። ንግግሬ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ድንች ነበር፤ የትኛው ከየትኛው ቢቀድም ለውጥ የለውም።

አያቶቻችን እንዲህ ቢናገሩ ኖሮ ርስታቸውን በተነጠቁ ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ዘመን በሬው የተወሰደበት ባላገር ኩታውን አስተካክሎ ዳኛ ፊት ሲቆም ምስክር በመጥራት አይጀምርም። ምን እንደተወሰደበት፣ ማን እንደወሰደበት ይናገራል። ከዚያ ምስክሩ ይቀርባል። በመጨረሻ ዳኝነት ይጠይቃል። ይህን ቅደም ተከተል ብታዛቡት ሙግቱ ይፈርሳል፤ ክሱ ሳይሰማ ምስክሩ ስለ ምኑ ይመሰክራል?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙትም በዚሁ ሥርዓት ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ፉጨቱ ጸጥ ሲል በአማርኛ ጀመሩ። የመጡበትን ጉዳይ ገና ከመግቢያው አስቀመጡት፤ ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ቃል የተገባለትን እርዳታ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ማስረጃው ተከተለ፤ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ የወረደው መርዝ፣ በእርሱ የተነከረው ሰው፣ ከብቱ፣ ወንዙና ግጦሹ። መዝጊያቸው ጥያቄ ነበር፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? ይህችን ጥያቄ እስቲ ወደ መግቢያው ውሰዷት። ልመና ትመስላለች። ከመርዙ በኋላ ስትመጣ ግን ሰሚውን ተከሳሽ ታደርገዋለች። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

እናም ስትጽፉ ከዳኝነቱ ጀምሩ። ሰሚያችሁ ከወንበሩ ሲነሣ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ? በአንድ መስመር ካልጻፋችሁት ገና የምትናገሩት የላችሁም። መግቢያውን እኔ የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያልደረሰ እንግዳ አይተዋወቅም። ማስረጃ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አንባቢ ገጽ ገልጦ ይመለሳል፤ ሰሚ ግን ያመለጠውን የሚፈልግበት ገጽ የለውም።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጎበዝ ሾፌር ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ይቀይራል። እናንተም ከሐሳብ ወደ ሐሳብ ስትሻገሩ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ «የተወሰደብን ይህ ነው፤ ያየው ማን እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ» ማለት በቂ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ «በተጨማሪም» የሚለውን ሁሉ አስምሩበት። በቦታው «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ይገባል? ከገባ ለውጡት። ካልገባ አንቀጹን ለማውጣት አትሳሱ። እኔ ትናንት ማታ ስለ ድምፅ ማጉያ አያያዝ የጻፍኩትን አንድ ሙሉ ገጽ አውጥቻለሁ፤ ቆንጆ ገጽ ነበር፣ አሁንም ያሳዝነኛል።

ይህ በእጄ ያለው ሦስት ገጽ ነው። ቁጥር አልጻፍኩበትም። የክበቡ ጸሐፊ ትቀበለኝና ቀላቅላ ከፍ ባለ ድምፅ ታንብብልን። ከመቀላቀሉ በኋላም ያው ንግግር ሆኖ ከተሰማችሁ የሻዩ ሒሳብ የእኔ ነው።