54 ሰከንድ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከፊቴ ጠርዙ የተላጠ አንድ ማስታወሻ ደብተር አለ። ውስጡ ከቁጥር በስተቀር እምብዛም ነገር አይገኝበትም፦ 27፣ 31፣ 24፣ 29። የስልክ ቁጥር አይደለም፣ የሎተሪም አይደለም። ከዓመታት በፊት ከባቡርና ከትራም ወዳጆች ጋር በሄድኩበት የቡድን ጉዞ ላይ የጻፍኳቸው ናቸው። ዛሬ ስለዚያ ጉዞና ከዚያ በኋላ ስለተከተሉት ላወራችሁ አስቤያለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ባቡሩ የሚያደርስበትን ቦታ ሳይሆን ባቡሩን ራሱን ለማየት ባሕር አቋርጠው የሚጓዙ ሰዎች አሉ። ሃያም ሠላሳም ሆነው ይሰባሰባሉ፤ መንገዱን የሚያውቅ አስተባባሪ ይመራቸዋል። የጉዞው ዝርዝር ሲደርሰኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የጎደለ ገጽ ያለ መስሎኝ ነበር። ቤተ መንግሥት የለም፣ ሙዚየም የለም፣ ለገበያ የተተወ ሰዓት የለም። ያለው «ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሻ»፣ «የዴፖ ጉብኝት» ማለትም የባቡሮቹ ማደሪያና መጠገኛ ጉብኝት፣ «ፎቶ ማንሻ ቦታ አንድ»፣ «ፎቶ ማንሻ ቦታ ሁለት» እያለ እስከ ምሽት የሚዘልቅ ነው። ሆቴሉ እንኳ የተመረጠው መስኮቱ ወደ ሐዲዱ ስለሚያይ ነበር። ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለ ክፍል ተሰጠኝ ብሎ የሚያጉረመርም እንግዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጸጥ ያለ ክፍል ተሰጠኝ ብሎ የሚያኮርፍ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

እኔ የሄድኩት ለድምፅ ነው። ይህን ዝግጅት የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ፤ መቅጃዬን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። አብረውኝ የነበሩት ግን የዓይን ሰዎች ናቸው። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ዓይነት እምነት እንደተሳፈረ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው። ትልቁ ወገን የፎቶ አንሺዎቹ ነው። ቁጥር መዝጋቢዎች አሉ፤ ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ፣ የእያንዳንዱንም ትራም ቁጥር በትንሽ ደብተር ይይዛሉ፣ አንዴ የመዘገቡት ዳግመኛ ሲመጣባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሁሉም ያስገረሙኝ ግን የአንድን ከተማ ሐዲድ እያንዳንዷን ሜትር ካልተሳፈሩባት የማይረኩት ናቸው። ካርታ ዘርግተው የሄዱበትን በቀይ ያሰምራሉ። ከእነዚህ አንዱን ተከትዬ፣ ትራሙ መንገደኛ አውርዶ የሚዞርባትን የመጨረሻዋን ቀለበት ለመሳፈር ስንለማመጥ ምሳ አምልጦናል። ቀለበቷ ሁለት መቶ ሜትር አትሞላም። እሱ ካርታው ላይ ቀይዋን መስመር ሲጨምር ያሳየውን ፊት ሳየው ግን ምሳው አልቆጨኝም።

የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ጀርመን፣ ወደ ሃርዝ ተራሮች ነበር። እዚያ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 140 ኪሎ ሜትር የሚያህል የባቡር መረብ አለ። የእንፋሎት ባቡር ዛሬም በሰዓት ሰሌዳው ይመላለስበታል። አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ብሮከን ተራራ ይወጣል፤ የመጨረሻው ጣቢያ 1,125 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ተራራው የሁለቱ ጀርመኖች ድንበር አካባቢ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ለሕዝብ ተዘግቶ ቆየ፤ ባቡሩ መንገደኛ ይዞ ወደ ጫፉ የተመለሰው በ1991 ነው። ዳገቱን የሚወጡት ሎኮሞቲቮች በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ናቸው፤ አምስት ጥንድ ገፊ መንኮራኩር አላቸው።

የሄድነው ብርዱ በጠናበት ወር ነበር። ሆን ተብሎ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው እንፋሎት ነጭ ደመና ሆኖ የሚታየው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ወዲያው ይተንና ፎቶው ላይ ምንም አይቀርም። ስለዚህ የባቡር ወዳጅ የሰው ልጅ ሁሉ የሚሸሸውን ብርድ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል። ጓንት ሳልይዝ ሄጄ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ቅጂዬ ላይ የሚሰማው የራሴ ጥርስ ነው።

እነዚህ ቡድኖች ባቡሩን ለራሳቸው ብቻ ሲከራዩ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት እብደት ይመስላል። ባቡሩ ጫካ መሐል ይቆማል። ሁላችሁም ትወርዳላችሁ። ከዚያ ባዶውን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከእይታ እስኪጠፋ ድረስ። እናንተ በረዶው ላይ ተሰልፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ከታች በሙሉ ኃይሉ እየተነፈሰ መጥቶ በፊታችሁ ያልፋል፤ ከዚያ ቆሞ፣ ተመልሶ ያሳፍራችኋል። አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ በተለይ ወሳኟ ቅጽበት ላይ ደመና ፀሐይዋን ከሸፈናት።

ሰልፉ የራሱ ሕግ አለው። የሚንበረከኩት ከፊት፣ የሚቆሙት ከኋላቸው፣ መሰላል ያመጡት ደግሞ መጨረሻ ላይ ናቸው። አዎ፣ ከአገራቸው የሚታጠፍ መሰላል ይዘው የሚመጡ አሉ። ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የወጣ ሰው ወዮለት። ሲያወሩ ለስላሳ፣ በር የሚይዙላችሁ፣ ሻይ የሚጋብዟችሁ ሰዎች ባቡሩ ሲቃረብ ወታደር ይሆናሉ። «ቦርሳህን አንሣ!» «ራስህን ዝቅ አድርግ!» «ማነው ያ ቀይ ኮፍያ?» ቀይ ኮፍያው እኔ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ የምፈልገው ዝምታ ነው። ከፎቶ አንሺዎች መካከል ዝምታ የሚለምን ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ እንቅልፍ እንደሚለምን ነው። አስተባባሪውን አስቸግሬ አንድ ማለፊያ «ያለ ድምፅ» እንዲሆንልኝ ተስማማን። ሁሉም ቃል ገቡ። ሎኮሞቲቩ ከታች ጀመረ፤ ድምፁ ከጥዱ ግንድ ወደ ግንድ እየዘለለ መጣ። ልክ ከፊታችን ሲደርስ ሃያ ካሜራ በአንድ ላይ መንጫጫት ያዘ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰው አነጠሰ። ቅጂውን አሁንም አለኝ። ማስነጠሱ ጥራቱ ግሩም ነው።

ተናድጄ ፉርጎው ጥግ ስቀመጥ አንድ አዛውንት አጠገቤ መጡ። የካሜራ ሰው አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። «መልሰህ አሰማኝ» አሉኝ። ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ እንፋሎቱ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ከፊትም ከኋላም ስለሚገፋ። «አራተኛዋን ስማ» አሉኝ። «ታነክሳለች።» መልሼ ሰማሁት። እውነትም ሦስቱ እኩል ናቸው፣ አራተኛዋ ትንሽ ዘግይታ፣ ትንሽ ሳስታ ትመጣለች። የእንፋሎቱ ማስገቢያ ከልኩ ዝንፍ ሲል እንዲህ እንደሚሆን ነገሩኝ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የሰማሁት «የባቡር ድምፅ» ነበር፤ እሳቸው የሰሙት የሕመምተኛ ትንፋሽ ነው።

በማግስቱ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመን ሳለ ከአንዱ የሐዲድ መጋጠሚያ እስከሚቀጥለው ድረስ በእርምጃቸው ለኩና «15 ሜትር» አሉ። ከዚያ ስንሳፈር ሰዓታቸውን አወጡ። ባቡር መጋጠሚያውን ሲያልፍ ታክ-ታክ ይላል፤ ያ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሐዲዱ 15 ሜትር ከሆነ፣ በ54 ሰከንድ ውስጥ የቆጠራችሁት ባቡሩ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እየሄደ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሌላ ስሌት አያስፈልግም። 15ን በ3.6 ስታባዙ 54 ይመጣልና። ሐዲዱ 30 ሜትር ከሆነ ደግሞ ጊዜውን እጥፍ ማድረግ ነው፣ 108 ሰከንድ። ዛሬ ብዙው ዋና መስመር እየተበየደ ወጥ ስለሆነ የሚቆጠር ነገር የለውም፤ ለዚህ ነው ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ እንቅልፍ የሚወስደን። የደብተሬ ቁጥሮች ታዲያ እነዚህ ናቸው።

ስለ ትራሞቹም ልንገራችሁ፤ እነሱ ጋ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሊዝበን ሄድን። የሊዝበን የድሮ ትራሞች ሐዲድ 900 ሚሊ ሜትር ነው ስፋቱ፤ ዳገቱ ከ13 በመቶ በላይ የሚሆንበት ቦታ አለ። ያን ሁሉ የሚወጡት ያለ ጥርሳም ሐዲድ፣ ያለ ጎታች ገመድ፣ ብረት ብረትን ጨብጦ ነው። ሲያንሸራትት አሸዋ ይረጫል። በዳርጂሊንግ፣ በሕንድ ተራሮች፣ ሁለት ሰዎች ከሎኮሞቲቩ አፍንጫ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው አሸዋ እየበተኑ የሚሄዱበት ልማድ ነበር፤ ሊዝበን ላይ ነጂው በራሱ ያደርገዋል። አልፋማ በሚባለው አሮጌ ሰፈር መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ ሐዲዱ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ከመስኮት እጅ ብትዘረጉ ግድግዳ ትነካላችሁ። ኩርባው ላይ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ሲፍቅ የሚወጣው ጩኸት ለጆሮ ሕመም ለመቅጃ ደግሞ ሲሳይ ነው።

ለእኛ ብቻ የተከራየነው ትራም እዚያ ኩርባ ላይ ለፎቶ ቆመ። ሠላሳ ሰው ወርዶ ተሰለፈ። ከኋላችን መደበኛው ትራም መጥቶ ቆመ። ነጂዋ ደወሏን አንድ ጊዜ ብቻ ነካች። በመስኮቱ ሁለት ዘንቢል ታቅፈው የቆሙ እናት አየሁ፤ አልተቆጡም፣ ዝም ብለው አዩን። ከእኛ አንዱ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» እያለ እጁን አወናጨፈ። ለእኛ ሺህ ኪሎ ሜትር ያቋረጥንበት ነገር ለእሳቸው ወደ ቤት መሄጃ ነው። ያን ቀን መቅጃዬን ዘግቼ ወደ ትራሙ ገባሁ። የቡድኑ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እላለሁ፤ ግን ሠላሳ ጥሩ ሰው አንድ ላይ ሲቆም መንገድ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በሄድኩባቸው ጉዞዎች አስተባባሪውን አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ከኋላችን የሚመጣ መኖሩን። መልሱ «እናያለን» ከሆነ አልሄድም።

«ታዲያ ለምን ብቻህን አትሄድም?» ትሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ። ሚላኖ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ትራሞች አሁንም መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ የእንጨት ወንበሮቻቸውን ለመሳፈር አንድ ትኬት ይበቃል፣ ቡድን አያሻም። ቀኑን ሙሉ ተሳፈርኩ፣ ደስም አለኝ። ነገር ግን የዴፖ በር ለብቸኛ ሰው አይከፈትም። ከሙዚየም ወጥቶ ለግማሽ ቀን የሚነዳ ትራም ለብቸኛ ሰው አይነሣም። ገንዘቡም ቀላል ነገር አይደለም። በፖላንድ ዎልሽቲን በምትባል ከተማ ከ1997 ጀምሮ የውጭ አገር ወዳጆች እየከፈሉ፣ ባለሙያ ከጎናቸው ቆሞ፣ መደበኛ የመንገደኛ ባቡር በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ይነዱ ነበር፤ አብዛኛው አውሮፓ እንፋሎትን ለበዓል ብቻ ሲያወጣ እዚያ የሥራ ቀን ባቡር ሆኖ እንዲዘልቅ ትልቁን ድርሻ የያዘው ያ ገንዘብ ነው። ዌልስ ውስጥ ደግሞ ታሊሊን የተባለውን ትንሽ መስመር ሊዘጋ ሲል በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ከ1951 ጀምሮ ራሳቸው አስኬዱት። የሚቀለድባቸው ቁጥር መዝጋቢዎች ባይኖሩ ኖሮ እኔ የምቀዳው ድምፅ አይኖርም ነበር።

ወደ ሃርዝ ልመለስና ልጨርስ። በመጨረሻው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አዛውንቱና እኔ መቁጠር ጀምረን ነበር። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ቁጥር መዝጋቢ ሰምቶ አብሮን ቆጠረ። ከዚያ ወዲያ ያሉት። ሁለተኛው ዙር ላይ ፉርጎው በሙሉ በየቋንቋው ይቆጥር ነበር፤ አንዱ በጃፓንኛ፣ ሁለቱ በቼክኛ፣ እኔ በአማርኛ። መቅጃው ክፍት ነበር። 54ኛው ሰከንድ ላይ አዛውንቱ «በቃ» አሉ። እኔ 27 አልኩ፣ እሳቸው 29፣ ከኋላ አንዱ 31 ብሎ ተሳቀበት። እስከ ጣቢያው ድረስ ተከራከርን፤ አልተስማማንም።

ቅጂውን አሁን እለቅላችኋለሁ። ጫጫታው ብዙ ነው፤ ጆሯችሁን ከወለሉ በኩል ለሚመጣው ድምፅ ስጡ። ታክ-ታክ አንድ ነው። ሰዓታችሁን ያዙ።