ውሃው የሚመለስበትን ቦታ እንተውለት፦ ስለ ሐይቅ ዳር መንገድና የእግረኛ መሄጃ ለሐይቅ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና ሼሆች፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ዓሣ አስጋሪ ወንድሞቻችን፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ሐይቁ ዳር ቡናና ዓሣ የምትሸጡ እህቶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ዛሬ የመጣነው የሐይቁ ዳር መንገድና የእግረኛ መሄጃ በምን መልኩ ቢሠራ ዕድሜ እንደሚኖረው ልናስረዳችሁ፣ ከእናንተም ልንሰማ ነው። ስለዚህ መንገድ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ሐሳብ አስፋልቱ ውሃው ጫፍ ድረስ ይምጣ የሚለው ነው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጣው እንግዳ መኪናውን ዳር ላይ አቁሞ ሐይቁን እያየ ዓሣውን ይብላ። የዲዛይን ቡድናችን ምክር ከዚህ ይለያል። መኪናው ወደ ኋላ ይሁን፣ እግረኛው ወደ ፊት ይቅረብ፣ ከእግረኛውም ፊት ፊላውና ሸምበቆው እንዳለ ይቆይ። ምክንያታችን ከሐይቁ ጠባይ ይነሳል።

ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ውሃና ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ውሃ የሚቀንሰው ተንኖ ወይም መሬት ውስጥ ሰርጎ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዝናብ ሲበዛ ይገፋል፣ ሲያንስ ይሸሻል፤ ዳርቻው አንድ ቦታ አይቆምም። ማስረጃው ፊት ለፊታችን ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ደሴት ነበር፤ ዛሬ መሬቱ ተገናኝቶ በእግር ይደረስበታል። በሌላውም አገራችን ያየነው ይህንኑ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው፣ መውጫ ያልነበረው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 በላይ ሆኖ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲዱን ተጋፋ። የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው ደርቆ ታየ። አንዱ ገፋ፣ ሌላው ሸሸ። ዛሬ የውሃው ጫፍ ባለበት ቦታ ላይ መንገድ ብንዘረጋ የዛሬ 20 ዓመት ወይ ውሃ ውስጥ ነው፣ ወይ ከውሃው ርቆ ጭቃ ሜዳ ዳር የቀረ ነው።

ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት አንድ መስመር እንፈልጋለን፤ ውሃው በሰው ትዝታ የደረሰበት የመጨረሻ ከፍታ። ይህ መስመር በመሣሪያ ብቻ አይገኝም። የደለል ምልክት፣ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የትልልቅ ዛፎች አቀማመጥ ይናገራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ልጅ ሳለን ከብት የምናጠጣው እዚህ ጋ ነበር» የሚሉ ሰዎች ይናገራሉ። የእግረኛው መሄጃ ወለል ከዚህ መስመር ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የመኪናው መንገድ ደግሞ ከመስመሩ 50 ሜትር ወደ ኋላ ይራቅ፣ ቦታ በሚጠብበት ላይ ከ30 ሜትር አይነስ። በሳንቲ ሜትር የተሰመረ የውሃ መለኪያ እንጨትም ሐይቁ ውስጥ ተተክሎ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት ይነበብ፤ ንባቡ በመዝገብ ይያዝ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል።

አሁን ወደ መኪናው መንገድ። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው። ገበሬው ጠባዩን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል፤ በበጋ ተሰንጥቆ እጅ የሚያስገባ፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ አፈር ነው። በላዩ ላይ ድንጋይ ደርድሮ መሄድ ገንዘብን መቅበር ነው። በየ100 ሜትሩ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ይታይ። መረሬው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከተቻለ 1 ሜትር ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ። ገረጋንቲው በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ንብብር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሩሎ ይጠቅጠቅ። 40 ሳንቲ ሜትር በአንዴ ደፍቶ ሩሎ ማስኬድ በብዙ ቦታ የተለመደ ስህተት ነው፤ ላዩ ድንጋይ መስሎ ይጠነክራል፣ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል፣ በመጀመሪያው ክረምት የጎማው መሄጃ ይሰረጉዳል። የውሃውን ልክ የላቦራቶሪ ምርመራ ይወስነዋል፤ ነገር ግን ሥራው ላይ የምትውሉ ልጆች በእጃችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። አንድ እፍኝ ገረጋንቲ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ስትነኩት ለሁለት ከተከፈለ ደኅና ነው። እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ደርቋል፤ መዳፋችሁ ላይ እርጥበቱ ካብረቀረቀ ውሃ በዝቶበታል፣ ሩሎው መቆም አለበት።

ወለሉን አስፋልት ከማድረግ ይልቅ ኮብልስቶን እንመርጣለን። መሬቱ ጥቂት መስመጡ ስለማይቀር፣ ኮብልስቶን ተነቅሎና አሸዋው ተስተካክሎ ያው ድንጋይ ይመለሳል፤ አስፋልት ግን ይሰነጠቃል፣ ጥገናውም ማሽን ይጠይቃል። በዚያ ላይ ለአካባቢው ወጣት የጥርብ ድንጋይ ሥራ ይፈጥራል። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አሸዋው ከዚያ ሲወፍር መኪናው ያሰምጠዋል። ከርቡ፣ ማለት የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ፣ በኮንክሪት ተይዞ ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት ይቁም፤ ከርብ የሌለው ኮብልስቶን ከዳር እንደ ጥርስ መውለቅ ይጀምርና ወደ መሃል ይዘልቃል። መንገዱ 6 ሜትር ይስፋ፣ የውሃ ውረዱ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ ሆኖ ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ኋላው ቦይ ይዘንብል። በየ80 ወይም በየ100 ሜትሩ ከፍ ያለ የእግረኛ መሻገሪያ ይደረግ፤ ባጃጅም ሚኒባስም በግዱ ይቀንሳል። የመኪና ማቆሚያው ከመንገዱ በስተኋላ ይሁን።

በጣም የምንሰጋው ስለ ውሃው ጠርዝ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን። ሐይቁን ቀጥ ባለ ግንብ ማጠር ያምራል፣ ሥዕል ላይም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ማዕበል ቀጥ ያለ ግንብ ሲመታ ተመልሶ ወደ ታች ይቆፍራል፤ ከግንቡ እግር ሥር ያለውን አሸዋ በየቀኑ በጥቂቱ ይወስዳል። በእንግሊዝ አገር ዳውሊሽ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የባቡር ሐዲዱ ከባሕሩ ጫፍ በግንብ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ማዕበል ግንቡን ሰብሮ ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ መስመሩም ሁለት ወር ያህል ተዘጋ። የሐይቃችን ማዕበል የዚያን ያህል ጉልበት የለውም፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

ሌላም አደጋ አለ፤ ብዙ ሰው የማይጠብቀው። የሐይቅ ዳር ግንብ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ውሃው ሲሞላ ሳይሆን ሲሸሽ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሐይቁ ሲሞላ ከፊት ይደግፈዋል። ሐይቁ ሲቀንስ ድጋፉ ይሄዳል፣ ከጀርባ ያለው ውሃ ግን መውጫ አጥቶ ይገፋል። መጀመሪያ በመሃሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፣ ከዚያ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውሃው ያዘነብላል። የግድ ግንብ በሚያስፈልግበት ቦታ በየ2 ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑር፣ ከቀዳዳው ጀርባም ጠጠር ይሞላ፤ ጠጠር ከሌለ ቀዳዳው በአንድ ክረምት በደለል ይደፈናል።

ግንብ ግድ ባልሆነበት ሁሉ ግን ዘንበል ያለ ዳርቻና ጋቢዮን፣ ማለት በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ይሻላል። ሳጥኑ 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ድንጋዩ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከሽቦው ዓይን ያነሰ ድንጋይ እየሾለከ ይወጣል፤ ሳጥኑም ይረግባል። ድንጋዩ በእጅ ይደርደር፤ በዶዘር ተገፍቶ የተሞላ ጋቢዮን ውስጡ ባዶ ነው። ከጀርባው አፈር ይዞ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ጂኦቴክስታይል የሚባለው፣ መግባት አለበት። ይህ ጨርቅ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያኔ አፈሩ በድንጋዮቹ መሃል እየታጠበ ይሄዳል፤ ጋቢዮኑ ቆሞ እያለ ከኋላው ያለው የእግረኛ ወለል ሥሩ ይቦረቦራል፣ አንድ ቀን ሕፃን ልጅ ሲረግጠው ይገባል። እባካችሁ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ስትመርጡ ጨርቁ መግባቱን በዓይኑ የሚያይ ሰው ምረጡ፤ ድንጋዩ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

ፊላውን «ቆሻሻ ነው፣ ይመንጠር» የሚል አስተያየት ሰምተናል። ፊላ ማዕበሉን ያበርዳል፣ ከእርሻው የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ ያጣራል። ቆሮሶ ዓሣ ጎጆውን ቆፍሮ የሚራባውም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ቆሮሶ ወደዚህ ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ የስንቱ ቤት እንጀራ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ዳርቻውን በድንጋይ ብንዘጋ የመራቢያ ቦታውን እንዘጋለን። ሰው ወደ ውሃው መቅረብ በሚፈልግበት ሁለት ወይም ሦስት ቦታ በፊላው መሃል የሚያልፍ የእንጨት ድልድይ ይበቃል። ምሰሶው ግን ኮንክሪት ይሁን፤ የባሕር ዛፍ ምሰሶ እየረጠበ በሚደርቅበት በውሃው ልክ ላይ ቶሎ ይበሰብሳል።

ከከተማው የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ ሐይቅ አይግባ። ቦዩ ከመፍሰሱ በፊት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ከቦዩ ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ያግኝ። እኛ ወሎዎች ዝናባችን ሁለት ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ በጥር መጨረሻ ከበልግ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ደግሞ ከክረምት በፊት ይጠረግ። ሳይጠረግ አንድ ክረምት ያለፈው ጉድጓድ ሙሉ ነው፤ ሙሉ ጉድጓድ ደግሞ እንደሌለ ነው። የመኪና እጥበት ከሐይቁ ዳር ፈጽሞ ይነሳ። መጸዳጃ ቤቱ በስተኋላ፣ ወለሉና ግድግዳው ውሃ በማያሳልፍ ታንከር ይሠራ፤ ተራ ጉድጓድ እዚህ ከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ በቀጥታ ወደምንጠጣውና ወደምናሰግርበት ይሄዳል።

የእግረኛው መሄጃ 3.5 ሜትር ይስፋ፤ ቤተሰብ ጎን ለጎን ሲሄድ ዊልቼር ያለችግር ይተላለፋል። ኮብልስቶን ዊልቼርንም አሮጊት እናትንም ያንገላታል፤ እዚህ ላይ ሸካራ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ንጣፍ ይደረግ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ወይም ቴራዞ እንዳታስነጥፉ፤ ጤዛ ሲያርፍበት ሰው ይሰብራል። ደረጃ ባለበት ሁሉ ከጎኑ ራምፕ፣ ማለት ደረጃ የሌለው ዘንበል ያለ መውጫ፣ ይኑር፤ 50 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 6 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፣ ከዚያ ካጠረ ብቻውን የሚገፋ ሰው አይወጣውም። በየ50 ሜትሩ ጥላ ያለው መቀመጫ ይደረግ። ከመሄጃው አጠገብ ዘንባባ እንመክራለን፤ ሥሩ ንጣፍ አያነሳም። ዋርካና ሾላ ግርማቸው ይወደዳል፣ ግን ከንጣፉ ከ10 ሜትር በላይ ይራቁ። መብራቱ ወደ መሬት ያብራ፣ ወደ ውሃውና ወደ ገዳሙ አይብራ። ድምፅ ማጉያም በዚያ አቅጣጫ አይተከል፤ ጸሎት ላይ ያሉ አባቶችን ማክበር የወሎ ወግ ነው።

ለአስጋሪዎች 4 ሜትር ስፋት ያለው፣ ፊቱ የተቦረቦረ የታንኳ ማውጫ ተለይቶ ይሠራ፤ ዓሣ የሚበለትበት ጠረጴዛ ከጎኑ ይሁን፣ ውሃውም ወደ ራሱ ጉድጓድ ይግባ። ዛሬ ዳር ላይ ቡና የምታፈሉና ዓሣ የምትጠብሱ እህቶች ስም አንድም ችካል ሳይተከል ይመዝገብ፤ አዲሱ መሸጫ ከመሄጃው ጀርባ ሲሠራ ቅድሚያው የእናንተ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። አብሽሩ፣ ይህ በሥራው ሰነድ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን።

የአፈር ሥራው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ይለቅ፤ በልግ ከመጣ የተከፈተ መረሬ ጭቃ ነው። የጋቢዮን እግር ቁፋሮ ደግሞ ውሃው በጣም ዝቅ በሚልበት፣ ከክረምቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ይሁን። ከተነጠፈው ድንጋይ ከመቶ ሦስቱ ያህል ለጥገና ተቆጥሮ በመጋዘን ይቀመጥ።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዳርቻው እንጀምራለን። 60 ችካልና ቀይ ቀለም ይዘናል። ዕድሜያችሁ የገፋ አባቶችና እናቶች፣ ውሃው የደረሰበትን የምታስታውሱ ሁሉ፣ ጎማ ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ ቦታውን አሳዩን፣ ችካሉን እኛ እንመታለን።